ከአፕዴቱ በኋላ የተበላሸችው ፓሳት፦ መክሰስ፣ ማስጠፋት ወይስ መላክ?

ጥያቄው የመጣው ፍራንክፈርት ከሚኖር አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«በ2014 ያገለገለች ቮልስዋገን ፓሳት 2.0 ቲዲአይ ገዛሁ። የ2011 ሞዴል ናት፣ ዩሮ 5 በሚባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃ። አካባቢ የማትበክል ናፍጣ ናት ተብዬ ነው የገዛኋት። በዓመቱ የጭሱ ቅሌት ወጣ፣ ቮልስዋገን የናፍጣ መኪናዎቹን የጭስ ፈተና ሲያጭበረብር ተገኘ። በ2017 ደብዳቤ ሲደርሰኝ ወስጄ ሶፍትዌሩን አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ኢጂአር ቫልቩን (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን) ሁለቴ ቀይሬያለሁ፣ የዲፒኤፍ (የጥቀርሻ ማጣሪያው) መብራት በየጊዜው ይበራል፣ ነዳጅም በላይ በላዩ ትበላለች። ቨርጂኒያ ያለውን የአጎቴን ልጅ ቮልስዋገን ጄታውን ኩባንያው ራሱ መልሶ ገዝቶ ከነካሳው ከፍሎታል። እኔ ሳንቲም አላገኘሁም። አሁን አንድ መካኒክ ‹ዲፒኤፉንና ኢጂአሩን ላጥፋልህና ተገላገል› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹አዲስ አበባ ላካት፣ እዚያ የሚለካት የለም› አለኝ። ልክሰስ፣ ላስጠፋው ወይስ ልላካት?»

ከሦስቱ አንዱንም አታድርግ። ለመክሰስ ጊዜው አልፎሃል። ማስጠፋቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ተጠያቂውም አንተ ትሆናለህ። መላኩ ደግሞ የሚሆን አይደለም፣ ቢሆንም አልመክርህም። ይህን ስል ንዴትህን ማቃለሌ አይደለም። ተታለሃል። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤትም እንዲህ ዓይነቱን ገዢ ኩባንያው ሆን ብሎ እንዳታለለው ወስኗል። ግን ንዴት መኪና አይጠግንም። ስለዚህ ምን እንደተደረገብህ፣ ምን እንዳመለጠህና አሁን ምን ማድረግ እንዳለብህ ልንገርህ። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ነገር እናስተካክል። ብዙ ሰው «ማጭበርበሪያ» ሲባል ሞተሩ ውስጥ የተደበቀ ዕቃ ይመስለዋል፣ ተፈቶ የሚወጣ ነገር። እንዲህ ያለ ዕቃ የለም። ነገሩ ሞተሩን በሚያዘው ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ያንተ ሞተር ኢኤ189 የሚባለው ነው። በ1.2፣ በ1.6 እና በ2.0 ሊትር ተሠርቶ በቮልስዋገን፣ በአውዲ፣ በስኮዳና በሲያት መኪናዎች ላይ ተገጥሟል። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና ነው፣ ከዚያ ውስጥ 8.5 ሚሊዮኑ አውሮፓ ውስጥ።

በዚያን ጊዜ በአውሮፓ አዲስ ሞዴል ፈቃድ ለማግኘት ጭሱ የሚለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። መኪናዋ ሮለር ላይ ትወጣለች። ጎማዋ ይሽከረከራል፣ መሪዋ ግን አይዞርም። 20 ደቂቃ ገደማ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰከንድ በሰከንድ ቀድሞ በተጻፈ ፍጥነት ትሄዳለች። ሁሉም መኪና የሚፈተነው በዚያው ፈተና ነው፣ ጥያቄውም አይቀየርም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢፒኤ የሚባለው፣ ሶፍትዌሩ ምን ምን እንደሚያይ ዘርዝሮ አውጥቶታል፤ የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜና የአየሩን ግፊት አይቶ ፈተና ላይ መሆኑን ይለያል። ያኔ የጭስ መቆጣጠሪያውን በሙሉ አቅሙ ያሠራዋል። መንገድ ላይ ስትወጣ ደግሞ ያላላዋል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ሚዛኑን የሚያስተካክል ነጋዴ ታውቃለህ አይደል? ሥራው እንደዚያ ነው።

ለምን ተደረገ የሚለውን ካልተረዳህ አሁን መኪናህ ላይ የሚታየው ችግርም አይገባህም። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሙቀቱ ሲያይል አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይጣመርና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈጠራል። እሱን ለመቀነስ ኢጂአር ቫልቩ ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ሲመልስ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ቃጠሎው ይበርዳል፣ መርዙም ይወርዳል። ችግሩ ግን ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ጥቀርሻው ይበዛል። ጥቀርሻው ኢጂአሩንና የአየር ማስገቢያውን ይለጥፈዋል፣ የቀረው ሄዶ ዲፒኤፉን ይሞላል፣ ዲፒኤፉ ሲሞላ ደግሞ ተጨማሪ ናፍጣ አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አለበት። እንግዲህ አምራቹ ምርጫ ነበረው። ወይ የበለጠ ወጪ አውጥቶ የተሻለ ማጣሪያ መግጠም፣ ወይ ደንበኛው ነዳጅ ጨመረ፣ ዕቃ ቶሎ አለቀ እያለ እንዲያማርር መተው። ሁለቱንም አልፈለገም። ለፈተናው ቀን አንድ ጠባይ፣ ለመንገዱ ሌላ ጠባይ አበጀለት። ርካሽ፣ ጉልበተኛ፣ ነዳጅ ቆጣቢና ንጹሕ ሆነው አብረው የቀረቡት ነገሮች በእርግጥ አንድ ላይ አልነበሩም። ከአራቱ የጎደለው ንጹሕነቱ ነው።

«የኔ መኪና ጥቁር ጭስ ወጥቷት አያውቅም፣ ታዲያ ምኑ ነው የበከለው?» የሚል ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ጥቁሩ ጭስ ጥቀርሻ ነው፣ እሱን ዲፒኤፉ ይይዘዋል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን በዓይን አይታይም። ሳንባ ያቆጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፣ አየር ላይ ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኦዞንና ደቃቅ ብናኝ ይፈጥራል። ትልቅ መንገድ ዳር ባለ አፓርታማ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው የሚተነፍሰው እሱን ነው። ለዚህ ነው ነገሩን እንደ ወረቀት ጥፋት ብቻ ሲያወሩት የማልወደው። የተጎዳው የገዢው ኪስ ብቻ አይደለም።

ያጋለጠውም የአውሮፓ ተቆጣጣሪ አልነበረም። አይሲሲቲ የሚባል የንጹሕ ትራንስፖርት ጥናት ድርጅት ከአሜሪካው ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተዋውሎ የናፍጣ መኪናዎችን መንገድ ላይ አስለካ። መሣሪያው ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጭኖ፣ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ጋር ተያይዞ፣ መኪናዎቹ እንደማንኛውም ሰው መኪና ተነዱ። ሐሳባቸው ናፍጣ አሜሪካ ውስጥ ንጹሕ መሆኑን ለአውሮፓ ማሳየት ነበር። የወጣው ውጤት ግን ሌላ ሆነ። በ2014 ባሳተሙት ሪፖርት ጄታው ከተፈቀደው ከ15 እስከ 35 እጥፍ፣ ፓሳቱ ከ5 እስከ 20 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲያወጣ፣ ሦስተኛው ቢኤምደብሊው ኤክስ5 ግን በአብዛኛው ከገደቡ አላለፈም። ይህ ሦስተኛው መኪና ትልቅ ነገር ይናገራል፤ ማድረግ ይቻል ነበር ማለት ነው። ቮልስዋገን ከአንድ ዓመት በላይ የቴክኒክ ችግር ነው እያለ ሲከራከር ቆየ፣ መኪናዎች ጠርቶም ሶፍትዌር ቀየረ፣ የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪዎች ደግመው ሲለኩ ግን ጭሱ ያው ነው። በመጨረሻ የ2016 ሞዴሎች ፈቃድ ሲከለከልበት በመስከረም 2015 አመነ። ኢፒኤ መስከረም 18 ቀን ይፋ አደረገው፣ እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ልቀት እንዳለ ገልጾ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን በአምስተኛው ቀን ሥልጣን ለቀቀ።

አሁን ወደሚያንገበግብህ ነገር እንምጣ፦ የአጎትህ ልጅ ተከፈለው፣ አንተ አልተከፈልክም። ይህ የሆነው የሱ መኪና የበለጠ ስለተበላሸች አይደለም። ሕጉ ነው የተለየው። የአሜሪካ ገደብ ከአውሮፓ በጣም ይጠብቃል። እዚያ በኪሎ ሜትር 43 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ ያንተ ዩሮ 5 ደግሞ 180 ሚሊግራም ይፈቅዳል። ስለዚህ የአሜሪካዎቹን መኪናዎች በሶፍትዌር ብቻ አስተካክሎ ሕጋዊ ማድረግ አልተቻለም። ተቆጣጣሪውም ከባድ ቅጣት የመጣል ሥልጣን ነበረው፣ ገዢዎቹ ደግሞ በአንድ መዝገብ አብረው መክሰስ ይችሉ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጡት ዳኛ ቻርልስ ብሬየር በጥቅምት 2016 ያጸደቁት ስምምነት 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ነበር፣ ከዚያ ውስጥ እስከ 10 ቢሊዮኑ ለገዢዎች። መኪናውን ቅሌቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ መልሰው ገዙት፣ በላዩም ከ5,100 እስከ 10,000 ዶላር ገደማ ጨመሩለት። ያ በር በ2018 መጨረሻ ተዘግቷል፣ መጀመሪያም አሜሪካ ላሉ መኪናዎች ብቻ ነበር።

ጀርመን ውስጥ በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተሰባስቦ የሚከስበት መንገድ አልነበረም። ኬቢኤ፣ የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን፣ በጥቅምት 2015 ማስተካከያው ግዴታ እንዲሆን አዘዘ። ከካሳ ጋር ግን አላያያዘውም። ለ2.0 ሊትር ሞተር ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ የሶፍትዌር ቅየራ፣ ለ1.6 ደግሞ ሶፍትዌሩና በአየር መለኪያው ፊት የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ ወንፊት። በቃ። ሰው የገዛው ነገር እንዳልተነገረው ሆኖ ተገኝቶ፣ የሚሰጠው መልስ ግማሽ ሰዓት ጋራዥ መቆየት ሲሆን ቢናደድ አይፈረድበትም።

በኋላ ግን መንገዶች ተከፍተው ነበር፣ እዚህ ላይ ነው ያመለጠህ። የጀርመን መንግሥት በኅዳር 2018 አዲስ የጋራ ክስ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። የሸማቾች ማኅበራት ፌዴሬሽን በዚያው ቀን ቮልስዋገንን ከሰሰ። በነጻ መመዝገብ ይቻል ነበር። በየካቲት 2020 ስምምነት ላይ ተደረሰ፣ 260,000 ለሚሆኑ ገዢዎች እስከ 830 ሚሊዮን ዩሮ። እያንዳንዱ እንደ መኪናው ሞዴልና ዕድሜ ከ1,350 እስከ 6,257 ዩሮ ነበር የሚደርሰው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 25 ቀን 2020፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። ከሳሹ ልክ እንዳንተ በ2014 ያገለገለች መኪና የገዛ ሰው ነው፣ ቮልስዋገን ሻራን፣ በ31,490 ዩሮ። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ሆን ብሎ ሥነ ምግባር በሌለው መንገድ ጎድቶታል ብሎ መኪናውን መልሶ 25,616 ዩሮ እንዲቀበል ፈረደለት። የቀነሰበት የነዳበት ኪሎ ሜትር ተሰልቶ ነው።

ታዲያ አንተስ? በጀርመን ሕግ እንዲህ ያለ መብት ነገሩን ካወቅህበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በሦስት ዓመት ይሞታል። ብታውቅም ባታውቅም ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ፣ ማለትም ከገዛህ፣ 10 ዓመት ሲሞላ ያበቃል። ያንተ 10 ዓመት በ2024 ሞልቷል። ፍርድ ቤቱ በ2022 አንድ ተጨማሪ በር ከፍቶ ነበር። መኪናውን አዲስ ለገዛ ሰው ኩባንያው በእጁ ያስቀረውን ትርፍ እንዲጠይቅ የሚያስችል ነው፣ ከሦስቱ ዓመት በኋላም ቢሆን። ያገለገለ መኪና የገዛ ግን በዚያ አይጠቀምም ብሎ ለይቶታል፣ ምክንያቱም አንተ የከፈልከው ገንዘብ የደረሰው ለቀድሞው ባለቤት ወይም ለነጋዴው እንጂ ለአምራቹ አይደለም። ከባድ ነው፣ ግን እንዲህ ነው። «እኔ አስመልስልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅህ ሰው ከመጣ ገንዘብህን አትስጠው። በዚህ ሞተር፣ በዚህ ዓመት፣ ባገለገለ መኪና የሚመለስ ነገር የለም።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ባለ ናፍጣዎች ግን ከአንተ ጉዳይ ተነስተው ተስፋ እንዳይቆርጡ። ከቅሌቱ በኋላ፣ ማለትም ከመስከረም 2015 ወዲህ ኢኤ189 የገዛ ሰው በመታለል ስም መጠየቅ እንደማይችል በ2020 ተወስኗል፣ ዜናው ወጥቶ ነበርና። በሌሎች ሞተሮችና በሌሎች አምራቾች ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2023 በመርሴዲስ ጉዳይ ላይ ሆን ብሎ ማታለል ብቻ ሳይሆን ቸልተኝነትም ለካሳ ይበቃል አለ። የጀርመኑ ፍርድ ቤት በሰኔ ተከትሎ መጠኑን አስቀመጠ፦ ከተገዛበት ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ መኪናው አብሮህ ሆኖ። ከዚያ ላይ የነዳህበትና አሁን ያለው ዋጋ ተሰልቶ ሊቀነስ ይችላል፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ለነዳ ሰው አንዳንዴ ምንም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ ከመክሰስ በፊት የሕግ ወጪ መድን እንዳለህ እይ። ከሌለህ የሸማቾች ምክር ቢሮ ሂድ፣ ወይም ጠበቃ ለመጀመሪያ ምክር ከግል ሰው ከ190 ዩሮና ከታክሱ በላይ ማስከፈል እንደማይችል እያወቅህ አማክር። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከአካባቢው ፍርድ ቤት የምክር ወረቀት አውጥቶ 15 ዩሮ ብቻ ከፍሎ ጠበቃ ማማከር ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አያውቁትም፣ ቋንቋውም ያስፈራቸዋል፣ እና ቀኑ ያልፍባቸዋል። አንተም በ2018 በነጻ መመዝገብ እየቻልክ ያለፈህ በዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መኪናዋ። «አፕዴቱ ነው ያበላሸብኝ» ብለሃል። ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል። ከላይ እንዳልኩህ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ የሚወርደው ኢጂአሩ ብዙ ሲሠራ ነው፣ ኢጂአሩ ብዙ ሲሠራ ጥቀርሻ ይበዛል። ከቅየራው በኋላ ኢጂአራቸው የተጣበቀባቸው ባለቤቶች በየአገሩ አቤት ብለዋል። ኩባንያው ደግሞ በነዳጅም በጉልበትም በዕቃ ዕድሜም ላይ ለውጥ የለም ብሎ ጸንቷል፣ ኬቢኤም ይህን ተቀብሎ ነው ያጸደቀው። ሆኖም ኩባንያው ከቅየራው በኋላ ለ24 ወር፣ መኪናው 250,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላው፣ ኢጂአርን ጨምሮ ለተወሰኑ ዕቃዎች በነጻ የመጠገን ቃል ገብቶ ነበር። ያንተ 24 ወር በ2019 አልቋል። የመጀመሪያውን ቫልቭ ከዚያ በፊት ከቀየርክ ደረሰኙን ፈልግና ለምን እንደከፈልክ በጽሑፍ ጠይቅ። መብት ስለሆነ አይደለም፣ በትብብር የሚመልሱበት ጊዜ ስላለ ነው። ብዙ ተስፋ ግን አታድርግ።

ሌላው ግማሽ ደግሞ ዕድሜ ነው። ይህች መኪና ከ10 ዓመት በላይ ሄዳለች። ዲፒኤፍ ጥቀርሻውን አቃጥሎ ያጸዳል፣ ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ ግን አይቃጠልም። ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፣ አፕዴት ቢደረግም ባይደረግም። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ደግሞ መብራቱ በበራ ቁጥር ኢጂአር መቀየር ነው። ቫልቩ የሚቆሽሽበት ምክንያት ካልተገኘ አዲሱም ያንኑ ይሆናል። ኮምፒውተር ሲታይ የስህተት ኮዱን ብቻ አትቀበል። የአመዱን መጠን፣ የዲፒኤፉን የግፊት ልዩነት፣ የኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) ማስተካከያ ቁጥርና የሞተሩን ሙቀት አንብበው እንዲነግሩህ ጠይቅ። ቴርሞስታቱ አልቆ ሞተሩ በደንብ የማይሞቅ ከሆነ ዲፒኤፉ ማጽዳቱን አይጀምርም። ኢንጀክተር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጥቀርሻው አያባራም። የግፊት መለኪያው ቧንቧ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ያልሞላውን ሞላ ይልሃል። እነዚህ ከዲፒኤፍ ጋር ሲነጻጸሩ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፣ መጀመሪያ እነሱ ይታዩ።

ከተማ ውስጥ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ ከሆነም ችግሩ እዚያ ነው። ጥቀርሻ እንዲቃጠል ማጣሪያው 600 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ከመካከል ሞተሩን ስታጠፋው ጽዳቱ ይቋረጣል፣ ለጽዳቱ የተረጨው ናፍጣ ከፊሉ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ቀጥኖ ከልኩ በላይ ሲወጣ ካየህ አትንዳት፣ ቶሎ ቀይር። ይህ ሞተር የሚገድል ነገር ነው። የዲፒኤፉ መብራት ሲበራ አውቶባን ወጥተህ ሩብ ሰዓት ያህል በ2,000 ዙር አካባቢ ሳታቋርጥ ንዳት። ዘይቱም 507 00 የሚል የቮልስዋገን ፈቃድ የተጻፈበት፣ አመዱ አነስተኛ የሆነው ይሁን። ሌላ ርካሽ ዘይት ዲፒኤፉን ነው የሚበላው።

ስለ ማስጠፋቱ አጥብቄ ነው የምነግርህ። ዲፒኤፉ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ኢጂአሩ ተዘግቶ፣ ኮምፒውተሩም እንዳያውቅ ተደርጎ ሲጻፍለት መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ ቀላል ብላ ትሄዳለች። ግን በጀርመን ሕግ የመንገድ ፈቃዷ ያኔውኑ ይሰረዛል። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከመድኑ ጋር ትከራከራለህ። ቲዩፍም (የመኪና የቴክኒክ ምርመራው) ከ2018 ጀምሮ የኮምፒውተሩን ንባብ ብቻ አያምንም፣ መለኪያ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያስገባል። መካኒኩ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ስሙ ወረቀት ላይ ያለው አንተ ነህ። «የድሮውን ሶፍትዌር ልመልስልህ» የሚሉም አሉ። እሱም ያው ነው፣ ያ ሶፍትዌር በሕግ የታገደው ማጭበርበሪያ ራሱ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን ያናደደህ ኩባንያው ያደረገው ነገር ነው፤ ይህን ካደረግህ ያንኑ አንተ በገዛ እጅህ፣ ያውም በባሰ መንገድ እየደገምከው ነው። በዚያ ጥቀርሻ የሚታመመው ፍራንክፈርት ያለው ጎረቤትህ ነው።

አዲስ አበባ ስለመላኩ ደግሞ መጀመሪያ ሕጉን እወቅ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ የመርከብ ተቀብሎ «አስገባልሃለሁ» የሚል ሰው ወደብ ላይ ሊጥልህ ይችላል። ግን ባይከለከልም አትላካት እልህ ነበር፣ ምክንያቱ ደግሞ ከዚሁ ሶፍትዌር ጋር ይያያዛል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2022 በተመለከተው ጉዳይ፣ ከቅየራው በኋላ ያለው አዲሱ ሶፍትዌርም ኢጂአሩን በሙሉ የሚያሠራው የውጪው ሙቀት ከ15 እስከ 33 ዲግሪ ሲሆንና ቦታው ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን ብቻ እንደነበር ተገልጿል። ከዚያ ውጪ እየቀነሰው ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ ይህን ራሱን የተከለከለ ነገር ነው አለው፣ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የሚላላ መቆጣጠሪያ ሞተር ለመጠበቅ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይችልም ብሎ። በየካቲት 2023 የጀርመኑ የሽሌስቪግ አስተዳደር ፍርድ ቤትም ኬቢኤ በዚሁ ሞተር በሚሠራ ጎልፍ ፕላስ ላይ የሰጠው ፈቃድ ትክክል አይደለም ብሏል። አሁን አስበው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የያዘች መኪና እዚያ ክረምት ከበጋ፣ ሌሊት ከቀን ከገደቡ ውጪ ናት። «የሚለካት የለም» የተባለው ለኔ የሚያሳምን ምክንያት አይደለም። ለካትም አልለካትም የሚተነፍሰው ሰው አለ፣ እናትህም ልትሆን ትችላለች።

እንግሊዝ ያላችሁም ጽፋችሁልኝ ነበር። እዚያ ቮልስዋገን በግንቦት 2022 ለ91,000 ከሳሾች 193 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቷል፣ ያም ተዘግቷል። በሌሎች አምራቾች ላይ የቀረበው ትልቁ ክስ ግን በጥቅምት 2025 ለንደን ውስጥ መሰማት ጀምሯል፣ መርሴዲስ፣ ፎርድ፣ ኒሳን፣ ሬኖና ፔዦ ሲትሮየን ያለበት። የእነሱን ናፍጣ የገዛችሁ የግዢ ወረቀታችሁን አትጣሉ።

የማዝህ እንግዲህ ይኸውልህ። የቲዩፍ ቀንህ ከመድረሱ ሁለት ወር ቀድመህ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ንባቦች አስነብብ፣ ለዚያ ብቻ ክፈል፣ ውጤቱን በወረቀት ተቀበል። ችግሩ ቴርሞስታት፣ መለኪያ ወይም አንድ ኢንጀክተር ከሆነ አስጠግናትና ንዳት። ዲፒኤፉ በአመድ ከሞላ አዲስ ከመግዛትህ በፊት አውጥተው በማሽን የሚያጥቡ አሉ፣ ብዙ ጊዜ ይሳካል። ከዚህ አልፎ ዲፒኤፍም ኢጂአርም ኢንጀክተርም በአንድነት ከተጠየቅህ ግን አትጠግናት። ወጪው ከዋጋዋ ይበልጣል፣ እንዲሁ እንዳለች ችግሯን በውሉ ላይ ጽፈህ ሽጣት። ሳትነግር ብትሸጥ ገዢው ይመልስብሃል፣ የግልም ሽያጭ ቢሆን አውቆ መደበቅ ያስጠይቃል።

የምትተካውን መኪና በተመለከተ፣ መንገድህ አጭር ከሆነ ናፍጣ አትግዛ፣ ቤንዚን ወይም ኤሌክትሪክ ይሻልሃል። ብዙ አውቶባን የምትነዳ ከሆነና ናፍጣ ከፈለግህ የመኪናውን ወረቀት ተቀብለህ ተራ ቁጥር 14 ላይ ያለውን የልቀት ደረጃ አንብብ። ዩሮ 6 የሚለው ብቻውን አይበቃም፣ ከቅሌቱ በፊት የተፈተኑ ዩሮ 6 መኪናዎች ብዙ ናቸው። 6ዲ ቴምፕ ወይም 6ዲ የሚል ፈልግ። እነሱ ከ2017 ጀምሮ በመጣው ደንብ ልክ የዌስት ቨርጂኒያዎቹ እንዳደረጉት መሣሪያ ተጭኖባቸው መንገድ ላይ ተነድተው ነው የተለኩት። ሻጩ ወረቀቱን ሊያሳይህ ካልፈለገ ሌላ መኪና ፈልግ።